ሲዳሞን ወደ ሲዳማ የምትቀይሩ፣ አንዴ ስሙኝ

ያቤሎና ሜጋ አካባቢ የምትኖር፣ ግራጫማ፣ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ የቁራ ዘመድ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬስማኒ ነው፤ ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀችው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። መኖሪያዋ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለች ጠባብ ቦታ ናት። (ደቡብ ኢትዮጵያ ስል በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተውን ክልል ማለቴ አይደለም። አያችሁ፣ ገና ሳልጀምር እዚያው ገባሁበት።)

በንጉሡም ሆነ በደርግ ጊዜ ከዚያ አካባቢ የተሰበሰበ ናሙና ሌብሉ ላይ «ሲዳሞ» የሚል ቢገኝበት አይገርምም። ያኔ እነያቤሎ ያሉበት ቦረና ሲዳሞ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሲዳሞ የሚባል አስተዳደር የለም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሲዳማ የሚባል ክልል አለ። ናሙናዎቹ የተመዘገቡበትን ዳታቤዝ «ላጽዳ» ብሎ የተነሣ ሰው ሲዳሞን የፊደል ግድፈት አድርጎ ያየውና ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ይተካዋል። ወፏም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተሰድዳ ሐዋሳ ዙሪያ ትሰፍራለች። ኮምፒውተሩ አይከራከርም። የወፏን የአየር ንብረት ፍላጎት የሚያጠና ሰው ያንን ዳታ ቢወስድ የሚሠራው ካርታ የሌላ አገር ካርታ ነው።

ስለዚህ አቋሜን መጀመሪያ ልናገር፦ ሌብሉ ላይ የተጻፈው አይነካም። ሰብሳቢው ቢሳሳትም አይነካም፤ ፊደል ቢገድፍም አይነካም። ሙዚየሞችና ሄርባሪየሞች (የደረቁ ተክሎች ስብስብ የሚቀመጥባቸው ተቋማት) ዳታ የሚለዋወጡበት ዳርዊን ኮር የሚባል ስታንዳርድ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ የሌብሉን ቃል እንዳለ ለማስቀመጥ ራሱን የቻለ ዓምድ አለው። የእኛ ትርጓሜ፣ ማለትም የዛሬው አገር፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ጎን ለጎን በሌሎች ዓምዶች ይገባል። ከረን ተሰብስቦ «ኢትዮጵያ» የተባለ ተክልም በዚሁ ይዳኛል፤ የአገር ዓምዱ ላይ ኤርትራ፣ የሌብሉ ዓምድ ላይ ኢትዮጵያ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ቦታቸው ይለያይ እንጂ።

የአገሩን ተክሎች የሚዘረዝረው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው መጽሐፍ አዘጋጆች ይህ ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። ሥራው በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 ሲወጣ፣ በመካከሉ መንግሥት ተለውጧል፣ ክልሎች ተዋቅረዋል፣ ኤርትራም ራሷን የቻለች አገር ሆናለች። መጽሐፉ ግን ተክሎቹ የሚገኙበትን ሲናገር እስከ መጨረሻው ሸዋ፣ ከፋ፣ ሲዳሞ፣ ሐረርጌ እያለ ነው የዘለቀው። ኋላ ቀር የሚላቸው አይጠፋም። እኔ ልክ ነበሩ እላለሁ፤ በየለውጡ ቢያሻሽሉት ኖሮ የመጀመሪያው ቅጽና የመጨረሻው ቅጽ አይነጋገሩም ነበር።

አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሸዋን ጣሊያኑ በላቲን ፊደል ሲጽፍ በኤስ-ሲ-አይ ይጀምራል፣ ፈረንሳዩ በሲ-ኤች፣ ጀርመኑ በኤስ-ሲ-ኤች፣ እንግሊዙ በኤስ-ኤች። የአራቱ ሰዎች ናሙናዎች አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገቡ አራት ሸዋ ይኖረናል። በፈረንጅ ብቻ አናሳብ፤ በራሳችን ፊደልም ሐረር፣ ሀረር፣ ኀረር ለኮምፒውተር ሦስት ከተሞች ናቸው። ዓለማያን፣ አለማያንና ሐረማያን ስትጨምሩበት ጉዱ ይበዛል። አባያ ሐይቅም በጣሊያናዊው አሳሽ ቦቴጎ ምክንያት «ማርጋሪታ» ተብሎ በንግሥታቸው ስም ይጠራ ስለነበር፣ ከዚያ የተያዘ ዓሣ በዚያ ስም ተመዝግቦ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው ብሎ ቡድን ለይቶ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው። አንድ የቦታ ስሞች መዝገብ ምረጡ፣ ለምሳሌ ጂኦኔምስ፤ የቦታውን መለያ ቁጥር ከስሙ ጋር አስገቡ። ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱም የሚሉት ወደ አንድ ቁጥር ይምጡ። ስሙ ነገ ቢለወጥ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል። ቁጥሩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሞክሼዎችን ተጠንቀቁ፦ ኮምቦልቻ ወሎም አለ፣ ሐረር አጠገብም አለ። ሀገረ ሰላም ትግራይም አለ፣ ሲዳማም አለ። ነገሌ ብቻ ያለ ሰው አርሲን ይበል ቦረናን የሚታወቀው በሰብሳቢው ጉዞ ነው፤ በማግስቱ የት ነበር? ከሱ በፊትና በኋላ ያሉት የናሙና ቁጥሮች የት ተሰበሰቡ?

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን «አካባቢ» የምትለዋ ቃል ናት። «ደጀን አካባቢ» የሚል ሌብል ተክሉ ደጋው አፋፍ ላይ ይሁን ዓባይ በረሃ ውስጥ አይነግረኝም፤ በሁለቱ መካከል ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ከፍታው ከተጻፈ ዳንን። ካልተጻፈ ከተማው መሀል አንድ ነጥብ አስቀምጦ እንደ እርግጠኛ ነገር ማለፍ ነውር ነው። ነጥቡን አስቀምጡ፣ ነገር ግን ቦታው ሊሆን የሚችልበትን ርቀት በሜትር አብራችሁ መዝግቡ፤ ዳርዊን ኮር ለዚህም ዓምድ አለው። 10,000 ሜትር ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ተመራማሪው አይበቃኝም ካለ ራሱ ይተወዋል።

አንዳንዱ ሌብል ደግሞ የሙሉ ጥናት ሥራ ይፈልጋል። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ በ1878 ዓድዋ እስኪሞት ድረስ የሰበሰባቸው ተክሎች በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተበትነዋል። የሰበሰበባቸው ቦታዎች ዛሬ የት እንደሆኑ ለመለየት ጊሌት የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1972 በኪው ቡለቲን ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ማውጣት ነበረበት።

ዘንድሮ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ናሙና ልትሰበስቡ የምትወጡ፣ እባካችሁ ቀበሌና ወረዳ ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ፤ ወረዳ ይከፈላል፣ ቀበሌ ይቀላቀላል። የወንዙን ወይም የተራራውን ስም የአካባቢው ሰው እንደሚጠራው ጻፉ። ከየትኛው ከተማ በየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ ኪሎ ሜትሩም በመንገድ ይሁን በቀጥታ መስመር ለዩት። ከፍታውን አትርሱ። ጂፒኤሱ ያነበበውን ከነስህተቱ መጠን፣ ከነዳተሙ (ልኬቱ ከተመሠረተበት የካርታ ማጣቀሻ ጋር) ገልብጡ፤ የድሮዎቹ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት አዲንዳንና ጂፒኤሱ የሚጠቀምበት ደብሊው ጂ ኤስ 84 ወደ 200 ሜትር ይለያያሉ። ይህን ሁሉ ደግሞ እዚያው ቆማችሁ ጻፉት፣ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላ አይደለም።