የበሽሎን ወንዝ ስለ መጠበቅና ካርታውን ስለ ማንሣት

በመቅደላ፣ በሳይንትና በቦረና ለምትገኙ የወረዳ አስተዳዳሪዎችና ባለ መሬቶች፤

በሽሎ በመቅደላ ግርጌ አልፎ ከዓባይ እንደሚገናኝ ሁሉ ያውቀዋል። በክረምት የሚያደፈርሰው ግን ከደጋው እርሻ የታጠበው አፈር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

በ1860 ዓ.ም. የጂኦግራፊ ሊቁ ክሌመንትስ ማርክሃም ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥቶ ይህን አገር መርምሮ ጽፏል። እርሱ የመጣው የጦር ጉዞ ተከትሎ ነው፤ እኛ ግን አፈራችንን ለማስቀረት ልንመረምረው ይገባናል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከመቶ 60 እጅ የሚበልጥ መሬት እንዳይታረስ ከልክሎ፣ ከ31 እስከ 60 ያለውም በእርከን ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር። ተዳፋት በዓይን ግምት ሲወሰን ጠብ ይነሣል፤ በካርታ ሲታይ ግን ፍርዱ ቀና ይሆናል።

ስለዚህ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ለሥራ ልምምድ የሚመጡትን ወጣቶች ወረቀት ከማስገልበጥ ይልቅ ወደ ወንዙ መላክ ይሻላል። ከሳተላይት በተገኘ የከፍታ ልክ ተዳፋቱን ያሰላሉ፤ የደረቀውን ምንጭና የቦታውን ስም ግን የሚነግራቸው የአገሩ ሽማግሌ ነው። ካርታው በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ እርከኑና ችግኙ የሚውልበት ቦታም ክረምት ሳይገባ ከዚያው ይወሰን።