ብርዱን ስንሸሽ መርዙን እንዳናስገባ
የአዲሱ ቤት ሙቀትና ሙቅ ውሃ



ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ በጠናበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ በማለዳ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። «እህቴ፣ ለሦስት ሰው የሚሆን የራስ ምታት ክኒን ስጪኝ» አለችኝ። ማን ማን እንደታመመ ጠየቅኋት። «እኔ፣ እናቴና ትልቋ ልጄ። ከተነሣን ጀምሮ ራሳችንን ይወጋናል፤ ያቅለሸልሸናል።» ትኩሳት አላቸው? የላቸውም። «ደግሞ የሚገርመው ውጭ ስንወጣ ይተወናል» አለች። ያዘለችውን ሕፃን ሳየው ጭንቅላቱን መያዝ አቅቶት ያሸልባል።

«ሌሊት ከሰል ነበራችሁ?» አልኳት። «አዎ፤ ግን ውጭ አቀጣጥለን፣ ጭሱ አልቆ ፍም ከሆነ በኋላ ነው ያስገባነው።»

ክኒን አልሸጥኩላትም። ሁሉም ባስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ አደረግሁ። ኦክስጅን ተሰጥቷቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሕፃኑም ተረፈ። ቤተሰቡ ከቆላው ወጥቶ ጣርማ በር አዲስ ቤት ከገባ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።

አዲሱ ቤት ከአሮጌው በምን ይለያል?

ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ያስቆፈረው ዋሻ ያለበት፣ ጉምና ነፋስ የማይለየው ቦታ ነው። አያቶቻችን እዚህ ብርድ ውስጥ እሳት አንድደው ኖረዋል። ይሁንና ቤታቸው የጭቃና የሣር ስለነበር በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ አየር ይተላለፍ ነበር። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ቢጎዳም የተወሰነው መውጫ ነበረው። የዛሬው ቤት ግን ብሎኬት፣ ኮርኒስና መስታወት ነው። በዚያ ላይ ብርድ እንዳይገባ ብለን የበሩን ሥር በጨርቅ እንወትፋለን። የገባው መርዝ አይወጣም።

ጭስ የሌለው ፍም ምን አለው?

ከሰል አየር አንሶት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይንን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል። ደሙ እየተዘዋወረ አንጎልና ልብ ይታፈናሉ። በጣርማ በር ከፍታ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ መጠባበቂያችንም ትንሽ ነው። ሕፃናት፣ እርጉዞች፣ አረጋውያንና የልብ ሕሙማን ደግሞ ቀድመው ይጎዳሉ።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ ከታመመና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው ከሰሉን ጠርጥሩ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ላይ «ደህና ነው» እያለ ሊያታልል እንደሚችልም እወቁ። ሎሚ ማሸተት፣ ወተት ማጠጣት፣ ክፍሉ ውስጥ ውሃ ማስቀመጥ መርዙን አያወጡም። በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሕክምና ውሰዱ።

ታዲያ በምን እንሙቅ?

በምንተኛበት ክፍል ከሰል አይደር፤ ፍምም ቢሆን፣ አመድ የለበሰም ቢሆን። ለቡናም ሆነ ለዕጣን እሳት ሲያዝ መስኮት ይከፈት፤ ሲያበቃም ምድጃው ከቤት ይውጣ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያላችሁ ከአልጋና ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት፤ ልብስ አታድርቁበት፤ ስትተኙ አጥፉት። ከሁሉ ይልቅ ቤቱን ከማሞቅ ገላን ማሞቅ ይረክሳል። የመንዝ ባና፣ የሱፍ ካልሲና የልጆች ኮፍያ ማንንም አያፍኑም።

ቦይለሩን እንወቀው

አዲስ ቤት የገቡ ብዙዎች ቦይለር ተገጥሞላቸው ያገኙታል፤ አሠራሩን ግን የሚያስረዳቸው የለም። ቦይለር ሙቀት እንዳያመልጥ ዙሪያው የታሸገ በርሜል ነው። ውስጡ ውሃውን የሚያግል ሬዚስታንስና ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር 12 ዲግሪ የሆነ ውሃን 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከመኝታ በፊት አሙቃችሁ ብታጠፉት ለሱብሒ የሚሆን ሙቅ ውሃ ይቆያችኋል።

1ኛ. ውሃ ጠፍቶ ከሰነበተ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ውሃ ሳይወርድ ቦይለሩን አታብሩ። ባዶውን ከበራ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል።

2ኛ. ሲሞቅ ከሥሩ የሚያንጠባጥበው ሴፍቲ ቫልቭ ነው። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን ያስወጣል። በጨርቅም ሆነ በቡሽ አትድፈኑት፤ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

3ኛ. ኤርዝ (ወደ መሬት የሚገባው ሽቦ) መኖሩን በባለሙያ አስፈትሹ። እስኪረጋገጥ ድረስ ከመታጠባችሁ በፊት ባልቦላውን አጥፉ። ውሃው ከነዘራችሁ መጠቀም አቁሙ።

4ኛ. ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ከዚያ እጅግ ቢያንስ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ነገር ግን 60 ዲግሪ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሴኮንድ ገደማ፣ የሕፃንን ከዚያም ባጠረ ጊዜ በጥልቀት ያቃጥላል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ቀድማችሁ ቅዱ፤ ሙቁን ጨምሩበት፤ በክርናችሁ ለክታችሁ ልጁን አስገቡ።

ቦይለር ለሌላችሁም መላ አለ። ማታ በፔርሙዝ የተያዘ ሁለት ሊትር የፈላ ውሃ ጠዋት በቀዝቃዛ ሲበረዝ ለሁለት ሦስት ሰው ውዱእ ይበቃል። ባልዲ ውስጥ የሚነከር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ግን ከሶኬት ሳትነቅሉ እጃችሁን ውሃው ውስጥ አታስገቡ። በሞቀ ውሃ ውዱእ ማድረግ የተፈቀደ ነውና እናትና አባቶቻችንን በውርጭ ውሃ አናስጨንቃቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነበባችሁ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ ምድጃው የት እንዳለ እዩ። መስጂድ ስትገናኙም አዲስ ቤት ለገባው ጎረቤታችሁ ንገሩት። አላህ ቤተሰባችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም!