የጥር ድግስ የነሐሴ ችግር እንዳይሆን

በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አገራችን ክፍል የመኸር ሰብል ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን ፍሬ የሚያየው፣ የማዳበሪያ ዕዳውንና ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚድረውና ተዝካር የሚያወጣውም በዚሁ ሰሞን ነው። ጎተራው ሙሉ ስለሚሆን ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በሰኔና በሐምሌ ምን በልቶ እንደሚያርስ፣ ምን በልቶ እንደሚያርም የሚወሰነው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ቁጠባ ለገጠሩ ሕዝብ ብዙ ምክር ተሰጥቷል። ምክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለእያንዳንዱ አባወራ ለብቻው ነው። ዋናው ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ድግስ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለምና አንድ ቤት ብቻውን ሊቀንሰው አይችልም። ስለዚህ ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ነው።

ጎተራን በወር መቁጠር

ገበሬው ምርቱን የሚቆጥረው በኩንታል ነው፤ ቤተሰብ የሚበላው ግን በወር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኩንታሉን ወደ ወር መለወጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በእህል ሲከፍል ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚል ልክ ሲሠራ ቆይቷል። ይህንኑ ልክ ብንወስድ ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 90 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ እህል ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ይህ ቤተሰብ 15 ኩንታል አገባ እንበል። ለቀለብ 10 ኩንታል ከ80 ኪሎ፣ ለዘር 1 ኩንታል ሲነሣ የሚተርፈው 3 ኩንታል ከ20 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጆች ደብተርና ልብስ፣ ጨውና ጋዝ ሲወጣ እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ይህ ቤተሰብ በጥር ወር ልጁን ለመዳር ለእንጀራና ለጠላ 4 ኩንታል እህል ቢያወጣ፣ እህሉ የሚወጣው ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከቀለብ ላይ ነው። ለቀለብ የሚቀረው 6 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይሆናል። ይህም ከጥር 1 ቀን ጀምሮ ሲቆጠር የሚያደርሰው እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ጎተራው ተጠርጓል። አዲሱ እህል እስኪደርስ ድረስ ገና አራት ወር አለ።

ይህ ስሌት ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አይሆንም። የቤተሰቡ ቁጥርና የምርቱ መጠን ይለያያል። መንገዱ ግን አንድ ነው። እህሉ ወደ ጎተራ በገባ ሳምንት አባወራውና እማወራዋ ተቀምጠው፣ አስቀድመው የዓመቱን ቀለብና ዘር ለይተው፣ ዕዳቸውንም አስልተው፣ ከዚያ በኋላ በሚተርፈው ላይ ብቻ ስለ ድግስ መነጋገር አለባቸው። በተለይ የእማወራዋ ቃል መሰማት አለበት። በየቀኑ ስንት ጣሳ እንደሚፈጭ የምታውቀው እርሷ ናትና።

ከድግሱ በኋላ የሚመጣው ዕዳ

ጎተራው በነሐሴ ሲራቆት ቤተሰቡ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። አንደኛው እህል መበደር ነው። በክረምት የተበደሩትን አንድ ኩንታል በመኸር እጥፍ አድርጎ መመለስ በአንዳንድ ሥፍራ የታወቀ ነው። ሁለተኛው ገበያ ወጥቶ መሸመት ነው። በጥር ዕዳ ለመክፈል በርካሽ የሸጡትን እህል በነሐሴ በውድ ዋጋ መልሶ መግዛት ማለት ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የእርሻ በሬን መሸጥ ነው።

በሬው የተሸጠበት ገበሬ ለሚመጣው ዓመት መቀናጆ ይፈልጋል። ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራውን ጠብቆ ሲያርስ የዘር ወቅት ያልፍበታል። ሁለቱም በሬዎቹ ከሄዱ ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚያገባው የምርቱን ግማሽ ነው። በግማሽ ምርት ደግሞ እንኳን ሊደግስ ዓመቱንም ሊያደርስ አይችልም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው ለእረኝነት ወይም ለቀን ሥራ የሚሄዱትም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን የተበላ ድግስ የሦስትና የአራት ዓመት ችግር ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው።

ድግስ ለምን አይቀነስም?

ገበሬው ይህን ሁሉ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ያውቀዋል። ነገር ግን ድግስ ብድር ነው። አንድ ሰው የጎረቤቱን ሠርግና ተዝካር ሁሉ ሲበላ ኖሮ በተራው ሳይደግስ ቢቀር «በላ እንጂ አላበላም» ይባላል። አባቱ ሞቶበት ተዝካር ያላወጣ ልጅ አባቱን እንዳዋረደ ይቆጠራል። ይሉኝታው ከረኀቡ ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ «ድግስህን ቀንስ» ብሎ አንዱን ሰው መምከር ብቻውን ስሙን እንዲያጣ እንደ መጠየቅ ነው።

ነገር ግን የአንድ አካባቢ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን ተስማምቶ ቢቀንስ ማንም አይዋረድም፣ ማንም ባለዕዳ አይሆንም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ይህን ስምምነት ለማምጣት የሚችለው ደግሞ ሕዝቡን ሁሉ ሊሰበስብ የሚችል አካል ነው። የገበሬ ማኅበራት የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገው ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ከተቋቋሙ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ አደረጃጀቱም ተለዋውጧል። ይሁንና የቀበሌውን ሕዝብ አሰባስቦ የማነጋገሩ ኃላፊነት ዛሬም ከመሪዎቹ ላይ አልወረደም።

የአውራምባ ልምድ

ድግስን በጋራ መተው እንደሚቻል የሚያሳይ ሥፍራ በአገራችን አለ። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ አነሣሽነት ተመሠረተ። በአውራምባ ጋብቻ ያለ ድግስ ይፈጸማል። ለሞተ ሰውም ተዝካር አይወጣም። አባላቱ ያላቸው መሬት ጥቂት ስለሆነ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ሥራ ዞረዋል። ለድግስ ይወጣ የነበረው ጊዜና ገንዘብ ለሥራ፣ ለልጆች ትምህርትና ለአረጋውያን መጦሪያ ይውላል።

የአውራምባ ሰዎች አኗኗር ሁሉ ለሌላው አካባቢ ይስማማል ማለት አይደለም። በበዓላትና በእምነት ረገድ የያዙት መንገድ ከጎረቤቶቻቸው የተለየ ነው። የሌላው ሕዝብ በዓሉን ሊተው አይፈልግም፤ ሊተውም አይገባውም። ከእነርሱ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ሁሉም በአንድነት ስለ ተዉት ያለ ድግስ ማግባት በመካከላቸው ነውር አልሆነም።

በዓልን በቁጠባ ማክበር

በዓል ያለ ሥጋና ያለ ዳቦ አይደምቅም። የገጠሩ ሕዝብ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ያበጀው መላ አለው፤ እርሱም ቅርጫ ነው። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል እያንዳንዱ ቤት በግና ፍየል ከሚያርድ፣ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ አንድ ሠንጋ ቢያርድ መደቡ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። በእስልምና ሃይማኖትም ለዓረፋ አንድ በሬ ለሰባት ሰው ኡድሂያ እንዲሆን ተፈቅዷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የቅርጫው ገንዘብ ግን በበዓሉ ዋዜማ ሲፈለግ እህል ያሸጣል። ስለዚህ የቅርጫ ማኅበርተኞች አስቀድመው በየገበያው ቀን ጥቂት ጥቂት ብር የሚያስገቡበት ዕቁብ ቢጀምሩ በዓሉ ሲደርስ ጎተራውን የሚነካ አይኖርም። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድመው ስለሚመጡ በክረምት የሚውሉበት ዘመን አለ። ያን ጊዜ ቀድሞ መቆጠቡ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል። በርበሬና ሽንኩርትም በሚደርሱበት ወራት ተገዝተው ቢቀመጡ በዋዜማ ገበያ ከሚጠየቀው ዋጋ ያድናሉ።

በቤት ውስጥ የሚባክነውን ማዳን

ለድግስ ያልወጣው እህልም በነቀዝና በአይጥ ሊያልቅ ይችላል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ለነቀዝ የተጋለጡ ናቸው። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ የተሻለ ይቆያል። እህል ከመግባቱ በፊት መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደኅና አድርጎ መነቅነቅ ነው። ለሩብ ሰዓት ካስቀመጡት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ላይ ተጣብቆ ከታየ እህሉ እርጥበት አለውና እንደገና ፀሐይ ላይ መሰጣት አለበት።

በደንብ የደረቀ እህል በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ድርብ ባለውና ፒክስ በሚባለው ከረጢት ታስሮ ቢቀመጥ አየር ስለማይገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ከረጢቱ ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። ፎስቶክሲን የሚባለውን ኪኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ባለ እህል ላይ መጨመር ግን ቤተሰብ የሚፈጅ አደጋ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በምግብ ረገድም የሚቆጠብ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የጤፍ ዋጋ ከበቆሎና ከማሽላ ዋጋ ስለሚበልጥ ከጤፉ ከፊሉን ሸጦ በምትኩ በቆሎ ወይም ማሽላ መግዛት ኩንታሉን ያበዛዋል። ጤፉን ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ መጋገርም የቆየ ልማድ ነው። በጓሮ የተተከለ ጎመንና ድንች የወጡን ወጪ ያቃልላል። ይሁን እንጂ ቁጠባ ማለት ከልጅ አፍ መንጠቅ አይደለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ሕፃናት በሚገባ መመገብ አለባቸው። ቤተ ክርስቲያንም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ለጾም አታስገድድም።

የመሪዎች ድርሻ

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህን ጉዳይ እህሉ አውድማ ላይ ሳለ፣ ማለትም የሠርግ ጥሪ ከመጀመሩ በፊት በኅዳር ወር ቢያነሡት ይጠቅማል። አንደኛ፣ የዕድር ዳኞችን፣ ካህናትን፣ ሼኾችንና ሽማግሌዎችን በአንድነት ማነጋገር ያስፈልጋል። ለሞተ ሰው የሚጠቅመው ጸሎትና ለድሃ የሚሰጥ ምጽዋት እንጂ ጠግቦ ላደረ ሰው የሚቀርብ ጠላ እንዳልሆነ በቀላሉ ሊያስረዱ የሚችሉት የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሕዝቡ ራሱ የተስማማበትን ልክ በዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ማስፈር ነው። ለሠርግ ስንት ሰው ይጠራል፣ ለተዝካር ምን ይቀርባል፣ ሐዘን ስንት ቀን ይቀመጣል የሚለው ተጽፎ ቢታወቅ ይሉኝታው ይቀራል። በቅጣትና በትእዛዝ የመጣ ልክ ግን መሪው ዞር ሲል ይፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ከድግስ የዳነው እህል ተሸጦ ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ መኖር አለበት። በ1991 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ ኋላም እርሱን በተካው በ2009 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት የገጠሩ ሕዝብ በገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊደራጅ ይችላል። እንዲህ ያለ ማኅበር ያለበት ቀበሌ ገበሬ በነሐሴ ቢቸግረው ወደ አራጣ አበዳሪ አይሄድም፤ በሬውንም አይሸጥም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በየወሩ የሚገባው ጥቂት ብር ከጊዜ በኋላ ጥጃ ይገዛል።

አራተኛውና ዋነኛው የመሪው የራሱ ቤት ነው። ስምምነቱ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ሠርግ የሊቀ መንበሩ ልጅ ሠርግ ቢሆንና እርሱ በልኩ ቢደግስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድሃ ገበሬ ያለ ኀፍረት ይከተለዋል። ሊቀ መንበሩ ሦስት በሬ ጥሎ ሌላውን «ቆጥብ» ቢል ግን ደንቡ በዚያው ቀን ይሞታል። የቀበሌው ጎተራ እስከ ታኅሣሥ መድረሱና አለመድረሱ የሚለየው በዚያ የመጀመሪያ ድግስ ላይ ነው።