ዕጣ ያልሆነው ምደባ

የአርባ ምንጭ ሰማይ ሲቀላ፣ አንድ ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ያዘዘው የማንጎ ጭማቂ ሳይነካ ሞቋል። የሬዚደንሲ ምርጫውን እየሞላ ነው፤ መማር የሚፈልገውን ስፔሻሊቲና ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ልቡ ያለው ራዲዮሎጂ ላይ ነው። አንደኛ ብሎ የጻፈው ግን ሌላ ነው። ለምን ሲባል የሰጠው መልስ በየዓመቱ ከብዙ ሐኪም አፍ የሚሰማ ነው፦ «ራዲዮሎጂን አንደኛ አድርጌ ካልደረሰኝ፣ ሁለተኛዬንም ሌላ ሰው ይወስድብኛል።»

ይህ ፍርሃት ትክክል የሚሆንበት ሥርዓት አለ፤ ፈጽሞ ስህተት የሚሆንበትም ሥርዓት አለ። ልዩነቱን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ከሐኪሞቹም መካከል።

መነሻው ቀላል ነው። ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚያልፍበት አገር አቀፍ በር፣ ጤና ሚኒስቴር የሚመራውና ሐኪሞች ኢአርኤምፒ እያሉ የሚጠሩት የሬዚደንሲ ማቺንግ ፕሮግራም ነው። ፈተና አለ፣ ውጤት አለ፣ ምርጫ አለ፣ ኮታ አለ። ትምህርቱ እንደ ዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል።

ሰዉ ግን ዛሬም «ዕጣ» ይለዋል። ምክንያት አለው። ለአሥርት ዓመታት ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከጅማ የሚመረቁ ሐኪሞች የትኛው ክልል ሄደው እንደሚያገለግሉ የሚወስነው ዕጣ ነበር። ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ ብዙ ሐኪሞች ያን ቀን አይረሱትም፤ አንዱ ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ቦታ ሲወጣለት፣ ጓደኛው ስሙን ሰምቶት የማያውቀው አውራጃ ይደርሰዋል። ቋንቋውም ከዚያው ቀረ። የሬዚደንሲ ምደባ ሲለቀቅ ዛሬም «ሰርጀሪ ወጣልኝ»፣ «ጋይኒ (የማህፀንና ጽንስ ሕክምና) ደረሰኝ» ይባላል። ቃሉ ግን ያሳስታል። በዕጣ የሰው ፍላጎት ቦታ የለውም። በማቺንግ ሐኪሙ በገዛ እጁ የጻፈው ዝርዝር የሥራው ግማሽ ነው። ዕጣ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ዝርዝሩን እንደ ዕጣ ወረቀት ይሞላዋል፤ ጉዳቱም እዚህ ይጀምራል።

ሦስት ሐኪሞች እንበል፤ አንዷ ከጨንቻ፣ አንዱ ከከምባ፣ አንዷ ከገረሴ። ውጤታቸው በቅደም ተከተል 82፣ 78 እና 71 ነው። ሦስት ወንበር አለ፤ አንድ ራዲዮሎጂ፣ አንድ ሰርጀሪ፣ አንድ የሕፃናት ሕክምና። የጨንቻዋና የከምባው ሁለቱም ራዲዮሎጂን አንደኛ፣ ሰርጀሪን ሁለተኛ አድርገዋል። የገረሴዋ ሰርጀሪን አንደኛ አድርጋለች።

ዝርዝሩ ሰው በሰው ከተነበበ፣ መጀመሪያ ከፍተኛ ውጤት ያላት ትጠራለች። የጨንቻዋ ራዲዮሎጂን ትወስዳለች። ቀጥሎ የከምባው ይጠራል፤ አንደኛ ምርጫው ተይዟል፣ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ ሰርጀሪ ገና ክፍት ነው፣ ያገኛል። የገረሴዋ ሕፃናት ሕክምና ይደርሳታል። የከምባው ሐኪም ራዲዮሎጂን አንደኛ በማድረጉ ምንም አልጎደለበትም። ተራው እስኪደርስ ድረስ ሰርጀሪን ማንም ዝቅ ያለ ውጤት ያለው ሊነካበት አይችልም።

አሁን ደግሞ ምርጫ በምርጫ ይነበብ። መጀመሪያ የሁሉም አንደኛ ምርጫ ብቻ ይታያል። ራዲዮሎጂ ለጨንቻዋ ይሆናል። ሰርጀሪን አንደኛ ያደረገችው የገረሴዋ ብቻ ስለሆነች በ71 ታገኘዋለች። ወደ ሁለተኛ ምርጫ ሲወረድ የከምባው ሰርጀሪን ይጠይቃል፤ ወንበሩ ግን አልቋል። 78 ይዞ፣ እውነተኛ ፍላጎቱን ስለጻፈ ብቻ፣ 71 ካላት ሐኪም በታች ቀረ። ያ የጭማቂ ቤቱ ፍርሃት ልክ የሚሆነው በዚህኛው ብቻ ነው።

ወንበሮቹ፣ ሐኪሞቹና ውጤታቸው በሁለቱም አንድ ናቸው። የተለወጠው አነባበቡ ነው።

ይህን ነገር ቀድመው የነቁት ተማሪዎች መሆናቸው ደስ ይላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሆስፒታሎች ለኢንተርንነት ተማሪ ለመያዝ እርስ በርስ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ከምረቃ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ቃል እስከማስገባት ደርሰው ነበር። መፍትሔ ተብሎ የመጣው አንድ ማዕከላዊ ምደባ ነው። መጀመሪያ የቀረበው አሠራር ግን ከፍ ያለ ቦታ የተመኘን ተማሪ የሚቀጣ ነበር። ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው መረመሩት፣ ችግሩን አገኙት፣ ተቃወሙ፤ አሠራሩ ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ ጀመረ። የሒሳብ ሊቃውንቱ ዴቪድ ጌል እና ሎይድ ሻፕሊ ተመሳሳዩን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረቡት ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው። ኢኮኖሚስቱ አልቪን ሮዝ ደግሞ በ1984 የሐኪሞቹ ምደባና የጌልና የሻፕሊ ሐሳብ ያላቸውን ዝምድና አሳየ። በ2012 ሻፕሊና ሮዝ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። የቦስተን ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ምርጫ በምርጫ የሚነበበውን አሠራር የተዉት በ2005 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጉዳዩን የሚያውቁ ወላጆች በማያውቁት ላይ ሲጠቀሙ ኖረዋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። 12ኛ ክፍል ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሞላ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጎረቤት፣ አጎትና የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ «ይህን አንደኛ አታድርገው፣ ይበላሃል» ሲል ሰምቷል። ሐኪሙም ሬዚደንሲ ሲሞላ ያንኑ የልጅነት ምክር ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ከመሙላት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «የዘንድሮ መቁረጫ ነጥብ ስንት ይሆናል?» አይደለም። «ዝርዝራችን የሚነበበው ሰው በሰው ነው ወይስ ምርጫ በምርጫ?» ነው። ሰው በሰው ከሆነ የልብን ቅደም ተከተል እንደወረደ መጻፍ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ የሚሞላው ምርጫ ብዛት የተገደበ ከሆነ፣ መጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ በውጤቱ በእርግጥ ሊገኝ የሚችል ነገር መኖር አለበት። ፍርሃት ቦታው ከታች እንጂ ከላይ አይደለም።

እዚህ ላይ ወቀሳ የሚገባቸው አሉ። ለዓመታት በተረኛነት ሌሊቱን ሲያነጋ የኖረ ሐኪም፣ ቀሪ ሕይወቱን የሚወስነውን ዝርዝር በሰዓት እጥረት ለጓደኛው «አንተው ሙላልኝ» ብሎ ይሰጣል። ሌላው ፈጽሞ የማይማረውን ዘርፍ «ቦታ ለመሙላት» ብሎ ይጽፋል፤ ሲደርሰው ትቶት ይቀራል። ያ የተተወ ወንበር የሌላ ሰው ሁለተኛ ምርጫ ነበር።

የወንበሩን ክብደት የሚያውቅ የጋሞን ደጋ የወጣ ሰው ነው። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ተይዛ ቁልቁል ወደ መኪና መንገድ ስትወርድ፣ ከታች የሚጠብቃት ሰው ቢላ መያዝ መቻሉ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ስፔሻሊስት ከመጥፋቱ የተነሣ፣ ኖርዌጂያዊው ሐኪምና ተመራማሪ በርንት ሊንድቶርን ከአገሬው ባልደረቦቻቸው ጋር ጤና መኮንኖችን በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ አሠልጥነዋል። በአገር ደረጃም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ማስተርስ ተከፍቷል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ካስተማሩት አንዱ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ብዙ እናት አትርፈዋል። የጋይኒ ወይም የሰርጀሪ ወንበር ባዶ ሲቀር ግን ከ4 ዓመት በኋላ አንድ ሆስፒታል የሚጠብቀው ስፔሻሊስት አይመጣም።

አንድ ነገር አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ ባልና ሚስት ሐኪሞች። እሷ ጎንደር ሕፃናት ሕክምና፣ እሱ ሐዋሳ ሰርጀሪ ቢደርሳቸው ሁለቱም «የፈለጉትን» አግኝተዋል፤ ቤታቸው ግን ለዓመታት ተከፍሏል። በአሜሪካ ጥንዶች ዝርዝራቸውን አጣምረው «ሁለታችንም እዚህ፣ ካልሆነ ሁለታችንም እዚያ» ብለው እንዲሞሉ ተፈቅዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተሻሻለው አሠራር የተነደፈበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይሁንና ጥንዶች ሲገቡ ማንም የማያፈርሰው ምደባ ጭራሽ ላይኖር እንደሚችል በሒሳብ ተረጋግጧል። የጭማቂ ቤቱ ሐኪም ይህን ሲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጮኛው ጋ ደወለ። እሷም በዚያው ሳምንት ምርጫዋን እየሞላች ነበር።