ሕፃኑ በማን ቀኝ? በማን ግራ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፥ በጎፋ ሠፈር ስናልፍ፥ ከአንዲት የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ቆም አልን። አንዲት ባለነጠላ እናት የእመቤታችንን ሥዕል አገላብጠው ካዩ በኋላ፥ «ይኸስ አይደለም ልጄ፤ በግራ ክንዷ የታቀፈችውን ስጠኝ» አሉ። ሻጩም ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለውን አወጣላቸው። እኛም ይኸው የግራ ክንድ በአንድ ወቅት በአገራችን ቍጣ አስነሥቶ እንደ ነበር ትዝ ስላለን፥ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ልናጫውት ወደድን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አግኝቶታል፤ አገሬው መርቆሬዎስ ይለው እንደ ነበርም ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ ይህ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን በእናቱ ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ሣለ። በአገሩ ልማድ ቀኝ የክብር፥ ግራ የንቀት ነውና ሕዝቡ ተቈጣ። ንጉሡ ግን ሥዕሉ እንዲጠፋ አልፈቀዱም።

ለቬኒሱ ሰው ግራው ንቀት አልነበረም። በግሪኮችና በኢጣሊያኖች የቈየ ሥርዓት እናቲቱ ልጇን በግራዋ ታቅፋ በቀኝ እጇ ወደ እርሱ ታመለክታለች፤ ይኸውም መንገዱ እርሱ ነው ለማለት ነው። ኋላም በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል በ1569 እንዲቀዳ ተፈቅዶ፥ ቅጂው በኢየሱሳውያን እጅ ወደ አገራችን ደረሰ። በ17ኛው መቶ ዓመት የእኛ ሠዓሊዎች አርአያ አደረጉት፤ በእርሱም ሕፃኑ ያለው በግራ ነው። ደግሞስ ሕፃኑ በእናቱ ግራ ሲሆን እናቲቱ በልጇ ቀኝ አይደለችምን? ንግሥቲቱ በንጉሡ ቀኝ እንደምትቆም ዳዊት ዘምሯልና፥ ነውር የተባለው ክብር ሆኖ ተገኘ።

ቀለሙም ቋንቋ አለው። ሰማያዊው መጐናጸፊያ ሰማይን፥ ቀዩ ቀሚስ ፍቅርንና ደምን ያስታውሳል። በዚያ ዘመን በቬኒስ ምርጡ ሰማያዊ ቀለም የሚገኘው ከአፍጋኒስታን ተራራ ተቈፍሮ ከሚመጣ ድንጋይ ነበር። ዋጋው ከወርቅ ጋር ይወዳደር ስለ ነበረ፥ የእመቤታችንን ልብስ በእርሱ መቀባት ራሱ እንደ መባ ይቈጠር ነበር። በእኛ አገር የብራና ሥዕሎች ላይ በተደረገ ምርመራ ደግሞ፥ ሰማያዊው ኢንዲጎ ከተባለ ተክል፥ ቀዩም ሜርኩሪ ካለበት ማዕድን የተሠራ ሆኖ ተገኝቷል።

የጎፋዋ እናት ሥዕላቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ያን ጊዜ ንጉሡ ለቍጣው ፈቅደው ቢሆን ኖሮ፥ ሠዓሊው ምን ሊል እንደ ፈለገ ሳይጠየቅ ሥራው በጠፋ ነበር። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ከሥዕል ፊት ስትቆሙ፥ ቀኝና ግራን ከራሳችሁ በኩል ብቻ አትቍጠሩ፤ በሥዕሉ ውስጥ ካለው በኩልም ቍጠሩ።