«ድካም» እና «ዝለት»፤ ጡንቻና ነርቭን ለሚመለከቱ ቃላት የቀረበ ማብራሪያ

የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ በነበረበት ዘመን ከባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸክሞ የፒያሳን ዳገት የወጣ ሰው «ደከመኝ» ሊል ይችል ነበር፤ «እግሬ ዛለ» ሊልም ይችል ነበር። የአማርኛ ተናጋሪ ሁለቱን አያምታታም። ድካም ሰውየውን በሙሉ ይይዛል፤ ዝለት ግን የሚይዘው የሠራውን አካል ነው፤ ባትን፣ ክንድን፣ ትከሻን። በሕክምና ጽሑፍ ትርጉም ግን ሁለቱ «ድካም» በሚለው ቃል ሲጠቀለሉ ይታያል።

የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር ይወርድና እዚያ ላለው አንቀሳቃሽ የነርቭ ሕዋስ ይደርሳል። ይህ ሕዋስና እርሱ የሚያዝዛቸው የጡንቻ ክሮች በአንድነት «አንቀሳቃሽ አሐድ» ቢባሉ ይስማማል። ዐይንን የሚያንቀሳቅስ አሐድ ጥቂት ክሮች ብቻ ሲኖሩት የባት አሐድ ከ1,000 በላይ ሊኖሩት ይችላል። በዳገቱ መነሻ ትንንሾቹ አሐዶች ይቀድማሉ፤ ሸክሙ ሲከብድ ወይም የቀደሙት ሲዝሉ ትልልቆቹ ይታከላሉ።

ለነርቭ «ጅማት» የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። በጥንቱ ግሪክኛም «ኔውሮን» ጅማትን፣ የቀስትንም ገመድ ያመለክት ነበር፤ የእኛም ክራር ክሩ ከጅማት ይሠራ ስለ ነበረ መመሳሰሉ አያስገርምም። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበሩ ሐኪሞች ሁለቱን ከለዩ ወዲህ በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ያያይዛል እንጂ ትእዛዝ አያደርስም። ስለዚህ «ነርቭ» የባዕድ ቃል ቢሆንም ይቆይ፤ ሕዝቡም ለምዶታል።

ዝለትም ሁለት ነው። አንደኛው በጡንቻው ውስጥ የሚደርሰው ነው፤ ፎስፌት ይከማቻል፣ ክሮቹን የሚያነሣሣው የካልሲየም ፍሰትም ይቀንሳል። ሁለተኛው የትእዛዙ መላላት ነው። መለያውም ቀላል ነው፤ ሰውየው ባለ በሌለ ኀይሉ እየገፋ ሳለ ነርቩ በኤሌክትሪክ ሲነካ ኀይሉ ከጨመረ፣ አንጎል ያለውን ሁሉ አላዘዘም ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1954 በዚህ ዘዴ መርምሮ ዝለት ከጡንቻው ብቻ ነው ብሎ ነበር፤ የኋላ ምርምር ግን የአንጎልንም ድርሻ አሳየ። እንግዲህ አንዱን «የጡንቻ ዝለት»፣ ሌላውን «የትእዛዝ ዝለት» ማለት ይቻላል። «ማእከላዊ» የሚለው ቅጽል ትክክል ቢሆንም ለአንባቢ ምንም አይነግረውም።

የቃሉ ምርጫ በሽተኛውንም ይነካል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው ሕመም ሰውነት በራሱ ላይ ተነሥቶ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስረክብበትን ስፍራ ይጐዳል። ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይዝላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። የዐይኑ ቆብ ወደ ማታ እየከበደ የሚወድቅበት ሰው ቃሉ «ድካም» ተብሎ ከተተረጐመ ሐኪሙ የደም ማነስን ወይም ኀዘንን ሊፈልግ ይችላል። «ይዝላል» ተብሎ ከተጻፈለት ግን የትኛው አካል፣ ከምን ያህል ሥራ በኋላ ብሎ ይጠይቃል።