ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ ያለውን ሕይወት እንዴት እንጠይቅ?



ንግግሬን ከምኖርበት ሰፈር፣ ከአያት ልጀምር። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ አንድ ጎረቤቴ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ከዕድርም ከቅዳሴም ቀሩ። «እንዴት ሰነበቱ?» ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ግን «ልጄ፣ ካንሰሩስ ተወኝ፤ ሽንቴ ነው አልታዘዝ ያለኝ። ልብሴ ረጥቦ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ?» አሉኝ። ወደ መሀል ከተማ በተጨናነቀ ባቡር ቆሞ መሄድን ስለ ፈሩ የክትትል ቀጠሯቸውንም ትተዋል።

የፕሮስቴት ዕጢ ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከቦ ይገኛል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ሽንትን የሚቆጣጠሩ ጡንቻዎችንና ለወሲብ ብቃት የሚያስፈልጉ ነርቮችን ሊጎዳ ይችላል። ጨረር ደግሞ ፊኛንና የታችኛውን አንጀት ሊያስቆጣ ይችላል። የወንዴ ሆርሞንን መቀነስ ይህን ካንሰር እንደሚገታ ቻርልስ ሀጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይተው በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ሕክምናው ግን ድካምን፣ ድንገተኛ ሙቀትን፣ የአጥንት መሳሳትንና የወሲብ ፍላጎት መቀነስን ያስከትላል። በአገራችን ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ጉዳይ በተለይ ይመለከተናል።

በእንግሊዝ የተካሄደው ፕሮቴክት የተሰኘ ጥናት 1,643 ወንዶችን በዕጣ በሦስት መድቦ፣ ከሕክምናው በፊትም በኋላም ጠየቃቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ከተመደቡት መካከል በስድስተኛው ወር 46 በመቶው፣ በስድስተኛው ዓመት 17 በመቶው የሽንት መምጠጫ ፓድ ይጠቀሙ ነበር።

ይህን መለኪያ እንዳለ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ምን ይሆናል? ጎረቤቴ ፓድ ገዝተው አያውቁም፤ የሚጠቀሙት የታጠፈ ጨርቅ ነው። «በቀን ስንት ፓድ ይጠቀማሉ?» ቢባሉ «ምንም» ይላሉ፤ እኛም ችግር የለባቸውም ብለን እንመዘግባለን። ቃሉ በትክክል ተተርጉሟል፤ ልኬቱ ግን ተሳስቷል።

ስለዚህ አራት ነገሮችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መጠይቁ ከመተርጎሙ ባሻገር ታማሚዎች እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደሚረዱት በቃለ ምልልስ ይፈተን፤ ስለ ጨርቅ፣ ከቅዳሴና ከመስጊድ ስለ መቅረት፣ ስለ ዕድር ይጠይቅ። በጥቅሉ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ማለት ከምስጋና በቀር መልስ አያስገኝም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ከሕክምናው በፊት ይጀመር፤ አለዚያ ዕድሜ ያመጣውን ከሕክምና ጉዳት መለየት አንችልም። ሦስተኛ፣ ስለ ወሲብ የሚጠይቀው ሰው ዕድሜና ጾታ ይታሰብበት፤ አንድ አዛውንት ለልጅ ልጃቸው እኩያ፣ በተለይም ለሴት መረጃ ሰብሳቢ፣ ይህን ለመናገር ያፍራሉ። ባለቤቶቻቸውም ለብቻቸው ይጠየቁ።

አራተኛውና ዋነኛው፣ «ከክትትል የጠፉ» የምንላቸውን እንፈልጋቸው። ከቀጠሮ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የበረታበት ሰው ከሆነ፣ የመጡትን ብቻ ጠይቀን የምናወጣው ውጤት ከእውነታው ያማረ ይሆናል። ስልክ መደወል ወይም ቤት ድረስ መሄድ ወጪ አለው፤ ነገር ግን የጥናቱን እውነተኛነት የሚወስነው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ካንሰር ምዝገባ አዳዲስ ታማሚዎችን ይቆጥራል፤ ከሆስፒታል በር ውጭ ያሉትንም ለማሰብ መነሻ ሊሆነን ይችላል።

ጎረቤቴ በማንኛውም መዝገብ ላይ «ሕክምናው የተሳካላቸው» ተብለው ይጻፉ ይሆናል። ውሸት አይደለም፤ ካንሰሩ ለቋቸዋል። ሆኖም የዳንን ሰው ሕይወት ማጥናት ማለት፣ ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በኋላ ያለውን ዝምታ ታግሦ መጠበቅና ቀጣዩን ጥያቄ በአክብሮት ማንሳት ነው።